የሳቦኒስ እግር የማን ነበር?

ይህን የመድረክ ክር (ውይይት) የከፈትኩት እኔ ነኝ። እሁድ ማታ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ የድሮ ቅርጫት ኳስ ቪዲዮ ስበረብር ነው ነገሩ የጀመረው። ቪዲዮው ብዥ ያለ ነው። 2 ሜትር ከ21 የሚረዝም ቀጭን ልጅ ከራሱ ቅርጫት ስር ኳስ ይለቅማል። ራሱ እያነጠረ ሜዳውን ያቋርጣል፣ ከዚያ ዞር ብሎ ሳያይ በጀርባው በኩል ለጓደኛው ያቀብላል። ወዲያው ሌላ ቪዲዮ ከፈትኩ። ያው ሰውዬ ነው፣ ግን ከ10 ዓመት በኋላ፣ በአሜሪካው ክለብ በፖርትላንድ ማሊያ። አይሮጥም። ይራመዳል። እግሩን የሚያነሳው ከጭቃ ውስጥ እንደሚነቅል ሰው ነው።

ተናድጄ ለጠፍኩ። አርቪዳስ ሳቦኒስ ከታዩት ሴንተሮች (ቅርጫት ስር የሚጫወቱ ረጃጅሞች) ሁሉ የሚበልጥ መሆን ይችል ነበር፣ የጨረሱት ግን ሶቪየቶች ናቸው አልኩ። ወደ 1988ቱ የሴኡል ኦሎምፒክ ጎትተው ወስደው የተረከዙን ጅማት በጠሱት ብዬም ጻፍኩ። ከዚያ ጥያቄዬን አስከተልኩ፦ ያ እግር ባይጎዳ ኖሮ የት ይደርስ ነበር? ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን መጻፍ ረሳሁ። ይህቺ መርሳት ኋላ ዋጋ አስከፍላኛለች።

ጠዋት ቡና እንኳ ሳልቀምስ ስልኬን ሳይ 14 መልስ ተደርድሯል። አሁን 43 ደርሷል። አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ ጀምሮ ማንበብ ስላቃተው፣ የተባለውን ጠቅለል አድርጌ እንድጽፍ አድሚኑ ጠየቀኝ። እነሆ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። ስድቡንም አለዝቤዋለሁ።

መልስ 1 በጣም ጨዋ ነበር። ሰላምታ አስቀድሞ፣ ርዕሱ በመነሳቱ ደስ እንዳለው ገልጾ፣ ሰውየውን ለማያውቁ መነሻውን አስታወሰ። ሳቦኒስ በዲሴምበር 1964 ካውናስ ውስጥ ተወለደ። ሊትዌኒያ ያኔ በሶቪየት ኅብረት ስር ነበረች። እዚያ አገር ቅርጫት ኳስ ማለት እኛ ዘንድ ሩጫ እንደማለት ነው። በ1982 ሶቪየቶች ኮሎምቢያ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆኑ ልጁ ከቡድኑ ጋር ነበር። ገና በ17 ዓመቱ።

መልስ 2 የክለቡን ነገር ጨመረ። የካውናሱ ዣልጊሪስ ከ1985 እስከ 1987 ሦስት ዓመት በተከታታይ የሶቪየት ሊግን ዋንጫ በልቷል፣ ያውም የጦር ሠራዊቱን ክለብ ሲኤስካ ሞስኮን እያሸነፈ። ጸሐፊው የ1986ቱን የአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ፍፃሜም ጠቀሰ። ቡዳፔስት ላይ ዣልጊሪስ በድራዠን ፔትሮቪች ቡድን በቺቦና ዛግሬብ ተሸነፈ፣ ሳቦኒስ ደግሞ ተጋጣሚውን በቡጢ መትቶ ከሜዳ ተባረረ። ልጁን ጻድቅ አድርገን እንዳንስለው መሰለኝ ይህቺን ያመጣት።

መልስ 3 ላይ ጉድ ፈላ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ በቀጥታ ስህተቴን ይዞ መጣ። ጅማቱ የተበጠሰው ከሴኡል በፊት መሆኑን፣ እሱም አንዴ ሳይሆን ሁለቴ መሆኑን ጻፈ። ማስረጃው የሚካድ አልነበረም። በጁን 1987 አቴንስ ላይ ግሪክ ሶቪየት ኅብረትን በጭማሪ ሰዓት 103 ለ 101 አሸንፋ የአውሮፓ ሻምፒዮን ስትሆን ሳቦኒስ በጉዳት ምክንያት አልተሰለፈም። ኦሎምፒኩ የመጣው ከዚያ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሴኡል አስቀድሞ የተበጠሰን ጅማት እንዴት አድርጋ እንደምትበጥስ እንዳስረዳው ጠየቀኝ። ሳያጣሩ የሚለጥፉ ሰዎች መድረኩን እያበላሹት መሆኑንም አክሎ ወጣ።

አመመኝ። ግን ልክ ነው። የመጀመሪያውን ፖስት አላጠፋሁትም፣ ከስሩ እርማት አስገብቻለሁ።

መልስ 4 ሊያድነኝ ሞከረ። ቀኑ ቢሳሳትም ነገሩ አልተሳሳተም ባይ ነው። በ1988 ሳቦኒስ ለማገገም ወደ ፖርትላንድ መሄዱን፣ ያስፈረመው ሳይሆን ገና ሊያስፈርመው የሚፈልገው ክለብ ሐኪሞች እግሩን ሲከታተሉ መክረማቸውን ጻፈ። እነሱ ገና ነው ሲሉ አሰልጣኙ አሌክሳንደር ጎሜልስኪ ወደ ሴኡል ይዞት ሄደ። ግማሽ ፍፃሜ ላይ ዴቪድ ሮቢንሰን ያለበትን የአሜሪካ ቡድን 82 ለ 76 አሸነፉ። ፍፃሜው ላይ ዩጎዝላቪያን 76 ለ 63። ወርቅ! የሚያስቀው የአሜሪካኖቹ ነገር ነው። አሰልጣኛቸው ጆን ቶምፕሰን፣ የገዛ አገሩ ክለብ የተጋጣሚን ሴንተር አክሞ በመላኩ በይፋ ተቆጥቷል። ሶቪየቶች ሜዳሊያ ይፈልጋሉ፣ ፖርትላንድ ሴንተር ይፈልጋል፣ አሜሪካ ባይታከምላት ትመርጣለች። እግሩ ራሱ የማን እንደነበር መልስ 4 ጠይቆ አለፈ። የክሩን ርዕስ ያገኘሁት ከዚች መስመር ነው። የድሮው ርዕሴ ስህተት ስለነበር ቀይሬዋለሁ።

መልስ 5 ያቺን የረሳኋትን ነገር አገኛት። ጸሐፊው በ1986 ሳቦኒስ ሪያል ማድሪድ እንደነበር፣ የስፔን ሊግን እንዳሸነፈ፣ ስለዚህ በዚያው ዓመት ቡዳፔስት ላይ ለዣልጊሪስ ተጫወተ ማለት ቅዠት መሆኑን በረጅሙ አብራራ። ሦስት አንቀጽ ነው። በጣም እርግጠኛ ነው። ሁላችንንም አላዋቂ አለን። መልስ 6 ላይ አንዱ ቀስ ብሎ፣ እኛ የምናወራው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ነገረው። በእኛ አቆጣጠር ከሄድን ሰውየው ልክ ነው እኮ! በ1986 ዓ.ም ሳቦኒስ ማድሪድ ነበር፣ ሊጉንም በልቷል። መልስ 7 ሳቅ ብቻ ነው። መልስ 5 የጻፈው ልጅ ግን ጨዋ ነው፣ ይቅርታ ጠይቆ እስከ መጨረሻው አብሮን ቆይቷል።

መልስ 8 ላይ ትንሽ ልቆይ። የጻፉት በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የመለስንላቸው። በ80ዎቹ መጀመሪያ ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝተው ሚንስክ ተምረዋል። በተማሪዎች ማደሪያው በየፎቁ አንድ ቴሌቪዥን ነበር፣ ጋራ ሳሎን ውስጥ። ክረምት ነው፣ መስኮቱ በበረዶ ተሸፍኗል፣ እርጥብ ጫማዎች ማሞቂያው ላይ ተደርድረው ይተናሉ። ከቴሌቪዥኑ ፊት ሁሌ የሚቀመጥ አንድ የሊትዌኒያ ልጅ ነበር። ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል አይወጣውም። ዣልጊሪስ ከሲኤስካ ሲጫወት ግን ሁለት እጁን ከጭኑ ስር ያስገባል፣ እንዳያጨበጭብ። ሳቦኒስ የሞስኮዎቹን ኳስ ከላይ ሲመታ ልጁ አይጮህም። አንድ እጁን ያወጣና የሻይ ብርጭቆውን በማንኪያ አንዴ ቲንግ ያደርገዋል። ከዚያ እጁን ይመልሳል። እነ ጋሼ ነገሩ ኳስ ብቻ እንዳልሆነ የገባቸው ከዚያች ቲንግ ነው። ከዚያ በኋላ ሀበሾቹም ማንኪያ ይዘው መቀመጥ ጀመሩ።

ጋሼ ሌላም ነገር ተናገሩ፣ ለእኔ ከክሩ ሁሉ የበለጠው እሱ ነው። ሁላችንም ስለ ሴኡል ስንጨቃጨቅ 1984ን ረስተናል። ሳቦኒስ ጤነኛ እያለ ሎስ አንጀለስ አልሄደም። እግሩ ደህና ነበር፣ ዕድሜው 19 ነበር፣ ግን ሶቪየት ኅብረት ኦሎምፒኩን አድማ መታች። ኢትዮጵያም እንደዚሁ። በ1988 ደግሞ ሶቪየቶች ሄዱ፣ እኛ አሁንም ቀረን። እናም ጋሼ አዲስ አበባ ተመልሰው የዚያን ልጅ ወርቅ የሰሙት በወሬ ነው። እንዲያ ከሆነ ያልተጎዳው ሳቦኒስ የት ይደርስ ነበር ብሎ የጠየቀ ሰው፣ መጀመሪያ ያልተጎዳው ሳቦኒስ ቤት ተቀምጦ የዋለበትን ኦሎምፒክ ይቁጠር።

በዚህ ቢበቃ ጥሩ ነበር። መልስ 9 ግን ጋሼን የሶቪየት ናፋቂ አደረጋቸው። መልስ 10 ለ9 መለሰ። ከዚያ ነገሩ ደርግ ላይ ደረሰ፣ እኛ አገር የማይደርስበት ጭቅጭቅ የለም። 11 እና 12 ተሰርዘዋል። ያያችኋቸው ያውቃሉ፣ ያላያችሁ ምንም አልቀረባችሁም።

መልስ 13 ክሩን አዳነችው። ጸሐፊዋ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት፣ ሥራዋ ይሄው ነው። ጅማቱ የባትን ጡንቻ ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያይዝ፣ በሰውነታችን ካሉት ሁሉ የወፈረ ገመድ መሆኑን አስረዳች። ሲዘሉ የሰውነትን ክብደት በርካታ እጥፍ ይሸከማል። ግን ደም እንደ ልብ አይደርሰውም፣ ስለዚህ ሲጎዳ የሚድነው ቀስ ብሎ ነው። የተበጠሰበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው በካልቾ የተመታ ይመስለውና ማን እንደመታው ለማየት ይዞራል። ማንም የለም። ከዚያ በጀሶ ታስሮ ሲከርም ባቱ ይከሳል። ያ የከሳ ባት ካልተመለሰ ሸክሙ ወደ ጉልበት፣ ወደ ዳሌ፣ ወደ ሌላኛው እግር ይዞራል። እና ሳቦኒስን ፖርትላንድ ላይ ያንከላወሰው አንድ ጅማት ብቻ እንዳልሆነ፣ ከዚያ ጅማት በኋላ የተከማቸው ሁሉ እንደሆነ ጻፈች። ከ130 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰው ነው። ገመዱም ሁለቴ ተበጥሷል።

መልስ 14 ለማብራሪያዋ አመስግኖ፣ እንዲህ ረጅም ስም ከመጻፍ ቋንጃ ብትለው ይበቃ እንደነበር ጠቆመ። መልስ 15 ቋንጃ ከጉልበት ኋላ ያለው መሆኑን፣ የተረከዙ ሌላ መሆኑን ተናገረ። መልስ 16 በእነሱ አገር የከብቱም የሰውም፣ የላይኛውም የታችኛውም ቋንጃ እንደሚባል፣ አያቱ ቋንጃውን ተመታ ሲሉ ተረከዝ አካባቢ ማለታቸው እንደነበር መሰከረ። አልተስማሙም። እኔ የተረከዝ ጅማት እያልኩ እቀጥላለሁ። የሰው ቋንጃ መቁረጥ የሚለው አነጋገር ግን ለዚህ ታሪክ የተፈጠረ ይመስላል።

መልስ 17 የኤንቢኤ (የአሜሪካው ሊግ) ሰው ነው። ጅማት ተበጠሰ ማለት አለቀለት ማለት እንዳልሆነ ዶሚኒክ ዊልኪንስን ጠርቶ ተከራከረ። ዊልኪንስ በጃንዋሪ 1992 ተበጥሶበት፣ በሚቀጥለው ሲዝን ተመልሶ በጨዋታ ወደ 30 የሚጠጋ ነጥብ አግብቷል። ስለዚህ ሳቦኒስ ያልተመለሰው ስላልሠራ ነው ወደሚል ድምዳሜ ሄደ። መልስ 18 የፊዚዮዋ ነው፣ በዚህኛው ላይ ጨዋነቷ ተሟጧል። ሁለት ሜትር የሚሆንን የክንፍ ተጫዋች ከ2 ሜትር ከ21ዱ ሴንተር ጋር፣ አንዴ የተበጠሰን ሁለቴ ከተበጠሰ ጋር፣ ሲዝኑን ሙሉ ሲያገግም የከረመን ኦሎምፒክ ካጣደፈው ጋር ማወዳደር ምን እንደሚባል በደንብ ነገረችው። 17 ከዚያ በኋላ አልታየም።

ከ19 እስከ 22 ያሉት ስለ ድራፍቱ፣ የኤንቢኤ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ ስለሚመርጡበት፣ ናቸው። ለማታውቁት፣ ነገሩ አስቂኝ ነው። በ1985 አትላንታ ሆክስ በ4ኛው ዙር 77ኛ አድርጎ መረጠው፣ 21 ዓመት ስላልሞላው ተሰረዘ። በ1986 ፖርትላንድ በ1ኛው ዙር 24ኛ አድርጎ መረጠው። መርጦትም 9 ዓመት ጠበቀ። መጀመሪያ ሞስኮ አልለቀቀውም። በ1989 በሩ ሲከፈት ደግሞ እሱ ራሱ አሜሪካ ከመሄድ ስፔንን መረጠ። መልስ 20 ይህን ለፈሪነት ሰጠው። መልስ 21 ስፔን ውስጥ የሚኖር ነው፣ ተቆጣ። ያ እግር በሲዝን 82 ጨዋታ እንደማይችል ባለቤቱ ያውቅ እንደነበር፣ በአውሮፓ ግን ጨዋታው አነስ ስለሚል ጅማቱ እንደሚተነፍስ አስረዳ። ቫያዶሊድ ላይ 3 ዓመት ተጫውቶ፣ በ1992 ወደ ማድሪድ ሄዶ፣ በ1993 እና በ1994 ሊጉን፣ በ1995 ዛራጎዛ ላይ ኦሊምፒያኮስን 73 ለ 61 አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ ወሰደ። ኮከብ ተጫዋችም እሱ ተባለ። የመልስ 21 ቁጣ ገብቶኛል። እኛ አሜሪካ ያልደረሰውን ዓመት ሁሉ የባከነ ዓመት አድርገን ነው የምንቆጥረው።

መልስ 22 የራጅዋን ወሬ አመጣ፣ ሁላችሁም የምትወዷትን። በ1995 ፖርትላንድ በመጨረሻ ሊያስፈርመው ሲል የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ቦብ ዊትሲት ራጁን ለሐኪማቸው አሳየ። ሐኪሙም በዚያ ራጅ ብቻ ሰውየው የአካል ጉዳተኞች የመኪና ማቆሚያ ሊሰጠው እንደሚችል ነገረው። ዊትሲት ራሱ ነው ያወራው። አስፈረሙት። 31 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት የቀሩት ጀማሪ። በመጀመሪያው ሲዝን በ24 ደቂቃ ገደማ ብቻ በአማካይ 14.5 ነጥብ እና 8.1 ሪባውንድ (ተስቶ የተመለሰ ኳስ መልቀም)። በምርጥ ጀማሪም በምርጥ ተቀያሪም ምርጫ 2ኛ ወጣ። በ1997–98 ሲዝን 16 ነጥብ፣ 10 ሪባውንድ፣ 3 አሲስት (ለነጥብ የበቃ ቅብብል)። እግር በሌለው ሰው!

መልስ 23 ልጅ እግር ነው፣ እሱም አልደበቀም። እነዚህ ሁሉ ጋሼዎች በብዥታ ቪዲዮ ተረት እየሠሩ መሆኑን፣ ጤነኛው ሳቦኒስ የሚባለው ሰው ማንም ያላየው ስለሆነ ማንንም ሊበልጥ እንደሚችል ጻፈ። ሳቦኒስን ማየት የፈለገ ኒኮላ ዮኪችን ይይ፣ በ41ኛ ተመርጦ ሦስት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆኗል፣ እሱን ለማድነቅ ባይጎዳ ኖሮ ማለት አያስፈልግም ባይ ነው። ሰዎች ተረባረቡበት። 24፣ 25፣ 26 አሾፉበት፣ አንዱ ጡጦውን ጨርሶ እንዲመለስ መከረው። እኔ ግን ልጁ አንድ ነገር የነካ ይመስለኛል። ባይጎዳ ኖሮ በሚለው ዓረፍተ ነገር የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ እና ያ ዓረፍተ ነገር ማንንም ማሸነፍ ይችላል። አድናቂዎቹ ያልኖረውን ሳቦኒስ ስንወድ የኖረውን ረሳነው። ልጁን ግን አንድ ቦታ ላይ አልሰማውም። ብዥ ያለው ቪዲዮ ተረት አይደለም። በ1986 የዓለም ሻምፒዮና ግማሽ ፍፃሜ ሶቪየቶች ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ሲቀር በ9 ነጥብ ተበልጠው ሳለ በሦስት ተከታታይ ባለ ሦስት ነጥቦች አቻ ሆነዋል፣ የመጀመሪያውን የወረወረው ሴንተሩ ነው። ኋላም በጭማሪ ሰዓት 91 ለ 90 አሸነፉ። ያኔ ሴንተር ከዚያ ርቀት ሲወረውር አሰልጣኝ ራሱን ይይዝ ነበር።

27 እና 28 ስለ ሳቦኒስ ልጅ ስለ ዶማንታስ ናቸው። በ1996 እዚያው ፖርትላንድ ተወልዶ ዛሬ ኤንቢኤ ውስጥ ሪባውንድ በመልቀም የሚታወቀው ነው። ጤነኛውን ሳቦኒስ ማየት የፈለገ እሱን ይይ የሚል ሐሳብ ተሰነዘረ። ልጁ እንደ አባቱ አይደለም፣ ቁመቱም ያንሳል። ዝም ብዬ አለፍኩት።

መልስ 29 ከእስራኤል ነው የመጣው። ጸሐፊው ቤተ እስራኤል ነው፣ በ2004 ኤፕሪል ወታደር ነበር፣ ለእረፍት ቤት መጥቶ ከአባቱ ጋር ጨዋታ ያያል። ማካቢ ቴል አቪቭ ከዣልጊሪስ። ያሸነፈ ወደ መጨረሻዎቹ አራት ይገባል፣ የመጨረሻዎቹ አራት ደግሞ እዚያው ቴል አቪቭ ነው የሚካሄደው። ከዣልጊሪስ በኩል የ39 ዓመቱ ሳቦኒስ አለ። ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ በዚያ ዓመት የዩሮሊግ የምድብ ጨዋታዎች ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ነበር። የልጁ አባት ቅርጫት ኳስ አይገባቸውም። ያን ግዙፍ ሽማግሌ ሲያዩ ግን ማነው እሱ፣ ለምን አያሳርፉትም ብለው መጠየቃቸውን ጻፈ። ሁለት ሰከንድ ሲቀር ዣልጊሪስ በ3 ነጥብ ይመራል፣ ጊድሪዩስ ጉስታስ ሁለት የቅጣት ምት አግኝቶ ሁለቱንም ሳተ፣ ኳሱ ዳር እስከ ዳር ተወርውሮ ዴሪክ ሻርፕ እጅ ገባ። ባለ ሦስት ነጥብ። ቤቱ ተደበላለቀ፣ ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ፣ እናትየው እንጀራ እየጋገሩ ነበርና ምጣዱ ላይ ያለው አረረ። ማካቢ በጭማሪ ሰዓት 107 ለ 99 አሸንፎ ኋላም ዋንጫውን ወሰደ። አባትየው ግን ጨዋታው ካለቀ በኋላ የጠየቁት ያ ረጅሙ ሰውዬ ምን እንደሆነ ነበር። መልስ 29 በማካቢ ደጋፊነቱ ምንም ሐዘን እንደሌለው ገልጾ፣ አባቱ ግን ለሳምንት ስለዚያ ሰው ሲያወሩ እንደነበር ጽፏል።

መልስ 30 ባለጌ ነበር፣ ዘልዬዋለሁ። ስለ ጨዋታው ሳይሆን ስለ አገሩ ነው የጻፈው።

ከ31 ጀምሮ ክሩ ወደ ሌሎች ረጃጅሞች ዞረ። መልስ 31 በጉዳት ሕይወቱ የተበላሸ የአውሮፓ ሴንተር ከተፈለገ ከዚያው ከካውናስ ዢድሩናስ ኢልጋውስካስ እያለ ሳቦኒስ ላይ መቆየታችን አስገርሞታል። በ1996 ክሊቭላንድ በ20ኛ መረጠው፣ በእግር አጥንቱ ምክንያት የመጀመሪያውን ሲዝን ሙሉ ቁጭ አለ። ቀጥሎ 82ቱንም ጨዋታ ተጫወተ። ከዚያ በሚቀጥለው 5 ጨዋታ፣ በሚቀጥለው ዜሮ፣ በሚቀጥለው 24። ስንት ጊዜ በቢላ ከፈቱት! ማንም ተስፋ የቆረጠበት ጊዜ ላይ እግሩን እንደገና ገጣጥመውለት በ2003 እና በ2005 ኦልስታር (ለኮከቦች ጨዋታ የተመረጠ) ሆነ፣ በ2007 ከሌብሮን ጋር ፍፃሜ ደረሰ። 11 ቁጥሩ ዛሬ ክሊቭላንድ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ተሰቅሏል። ይሄ ሰው ልክ ነው፣ ለብቻው ክር ይገባዋል። ይክፈትልን።

መልስ 32 ሆላንዳዊውን ሪክ ስሚትስን ጨመረ። 2 ሜትር ከ24 ነው፣ 12 ዓመት ለኢንዲያና ብቻ የተጫወተ። የሱ ችግር የእግሩ ነርቭ ነበር። ልጅ እያለ ቁጥሩ የሚሆን ጫማ ባለመገኘቱ ጠባብ ጫማ ማድረጉ እንደጎዳው ይነገራል። ይህቺ ጫማ ሰዎችን ነካች። 33፣ 34 እና 35 በሙሉ ስለ ጫማ ናቸው። አንዱ 47 ቁጥር ያደርጋል፣ መርካቶ ዞሮ ዞሮ አጥቶ ውጭ አገር ያለች አክስቱ እስክትልክለት ድረስ በሸራ ጫማ፣ ፊቱን በምላጭ ቀዶ፣ ጣቱን አውጥቶ ተጫውቷል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ96 ነው። ሳቦኒስ ግን በእኛ ሰፈር ቢወለድ ኖሮ በነጠላ ጫማ ነበር የሚጫወተው ብሎ ጻፈ፣ ብዙ ሰው ወደደለት።

መልስ 36 እኔ ነኝ። ስሜታዊ ሆኜ የራሴን ነገር አወጣሁ። በ19 ዓመቴ ሲሚንቶ ሜዳ ላይ ዘልዬ ስወርድ የሰው ጫማ ላይ አረፍኩ፣ ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። እናቴ ወጌሻ ዘንድ ወሰደችኝ። ሰውየው ለጋ ቅቤ ሞቅ አድርጎ ቀባ፣ በአውራ ጣቱ አጥንቱን ፈለገ፣ ስለ ትምህርቴ እየጠየቀኝ ሳላስበው ጎተተው። ቀጭ አለ። ጮህኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሜዳ ተመለስኩ፣ ማንም ገና ነው አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ዛሬ ብርድ ሲመጣ ከሬዲዮ በፊት የሚነግረኝ እሱ ቁርጭምጭሚት ነው። ይህን ጽፌ ሳበቃ ነው፣ ጎሜልስኪን ስከስ አመሻሽቼ የራሴን እግር ማን እንዳጣደፈው የታየኝ።

መልስ 37 የፊዚዮዋ ነው፣ በወጌሻው ጉዳይ እንደተቆጣች መገመት አያቅትም። ራጅ ሳይነሳ የተሰበረ አጥንት የታሸ ስንት ሰው እንደምታይ ጻፈች። መልስ 38 ወጌሻዎችን ተከላከለ፣ የእሱን ትከሻ የመለሰው ወጌሻ በነፍስ እንደደረሰለትና ሦስት ትውልድ የታመነ ሰው መሆኑን መሰከረ። መልስ 39 ሁለቱንም ሊያስታርቅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴን አመጣ። በ2004 አቴንስ ላይ ኃይሌ በዚያው በተረከዝ ጅማት ታሞ 10,000 ሜትር ሮጦ 5ኛ ወጣ። ቀነኒሳና ስለሺ ኋላ ኋላ እያዩ ሲጠብቁት የነበረውን ውድድር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። መልስ 40 ያኔ ማልቀሱን ብቻ ጻፈ። ጋሼ በ41 ተመልሰው፣ የማይሮጥ ጀግና ማየት እንዴት እንደሚከብድ ሚንስክ ያለው ልጅ ቢኖር እሱ ይነግረን ነበር ብለው ስለ ልጁ አወሩ። ከተመረቁ በኋላ አድራሻው ጠፍቷቸዋል። በ1992 ባርሴሎና ላይ ሊትዌኒያ በራሷ ባንዲራ ተጫውታ፣ የቀድሞ ሶቪየቶችን ቡድን 82 ለ 78 አሸንፋ ነሐስ ስትወስድ፣ ያ ልጅ ብርጭቆውን ስንቴ ቲንግ እንዳደረገው ሲያስቡ ማምሸታቸውን ጽፈዋል። ሳቦኒስ በዚያ ቡድን ውስጥ ነበር። በዚያው እግር።

መልስ 42 ያው መልስ 3 ነው፣ ስህተቴን ያረመው። ስለ ሰላምታው ይቅርታ ጠይቆ፣ ፖስቴን ስላስተካከልኩ አመስግኖ፣ ወዲያው ደግሞ ሌላ ስህተት አገኘብኝ። ፊደል ነው። አርሜዋለሁ።

መልስ 43 ትናንት ማታ የገባ ነው። ሰውየው ክሩን ከላይ እንዳላነበበ ተናግሮ፣ የሚስቱ ወንድም እሁድ ኳስ ሲጫወት እግሩ ማበጡን ገልጾ፣ በ38 ላይ የተጠቀሱት ወጌሻ የት ሰፈር እንደሚገኙና ቅዳሜ ይሠሩ እንደሆነ ጠየቀ። ፊዚዮቴራፒስቷ እስካሁን አላየችውም።